ሚኒስትሩ ሲጠየቁ፦ ዲሴምበር 2015 እና የባሕሩ ጋዝ

ብዙዎቻችን 2015ን የምናስታውሰው በአንድ ነገር ነው፤ በሜይ 3 ቀን ቴል አቪቭ ራቢን አደባባይ ላይ በነበረው ሰልፍ። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። ለማስተርስ ጥናቴ ብዬ የዚያን ዓመት የክኔሴት ፕሮቶኮሎች ማገላበጥ ስጀምር ግን ሌላ 2015 አገኘሁ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር 8 ቀን ቢንያሚን ናታንያሁ በክኔሴት የኢኮኖሚ ኮሚቴ ፊት ቀርበው ስለ ባሕሩ ጋዝ ተጠየቁ። የቀረቡት ደግሞ እንደ ጠቅላይ ሚኒስትር ብቻ ሳይሆን እንደ ኢኮኖሚ ሚኒስትር ነው። አንድ ጠቅላይ ሚኒስትር በሌላ ሚኒስትር ወንበር ተቀምጦ ለምን መልስ ይሰጣል? ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለዚህ ነው። (ቀኖቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ስለ አንድ ቃል። አባቴ በዜና ላይ «ከባሕር ጋዝ ተገኘ» ሲባል ሰምቶ «ነጭ ጋዝ ከባሕር ይወጣል እንዴ?» ብሎ ጠይቆኛል። ቀልድ አልነበረም። በጎንደር አማርኛ ጋዝ ማለት ለኩራዝ የሚሞላው ላምባ ነው። እዚህ አገር ከመጣን በኋላ ደግሞ ጋዝ ማለት ከኩሽና ውጭ የሚቆመው ባሎን ሆነ። የባሕሩ ጋዝ ሁለቱንም አይደለም። ከባሕር ወለል በታች፣ በድንጋይ ውስጥ ታምቆ የኖረ፣ አብዛኛው ሜቴን የሆነ የተፈጥሮ ጋዝ ነው፤ በቧንቧ ወደ የብስ መጥቶ በዋናነት ኤሌክትሪክ ለማመንጨት ይቃጠላል። «ከሰል»ም እንደዚያው ነው። ለወላጆቻችን ከሰል ከእንጨት የሚከስለው፣ ቡና የሚፈላበት ነው፤ ሐዴራና አሽኬሎን ውስጥ የተቃጠለው ግን በመርከብ ከውጭ የመጣ የድንጋይ ከሰል ነው። ስለ ኃይል ፖሊሲ በአማርኛ ስናወራ ትልልቆቹ ሰዎች ዝም የሚሉት ነገሩ ስለማያገባቸው አይደለም። ቃሉ ሌላ ቦታ ስለሚወስዳቸው ነው ብዬ አምናለሁ።

እኔ ያደግኩት ሐዴራ ነው። የኦሮት ራቢን የኤሌክትሪክ ማመንጫ ጭስ ማውጫዎች ከሩቅ ይታያሉ፤ ረጅሙ 300 ሜትር ነው። ልጆች ሆነን ከጉዞ ስንመለስ ጭስ ማውጫውን ቀድሞ ያየ ያሸንፍ ነበር። ያ ማለት ቤት ደረስን ማለት ነው። አሽኬሎን ያደጋችሁም ሩተንበርግን በዚሁ ዓይን ታዩት ይሆናል። የእኛ ማኅበረሰብ በብዛት ከሰፈረባቸው ከተሞች ሁለቱ፣ የአገሪቱ ሁለት ትልልቅ የድንጋይ ከሰል ማመንጫዎች ያሉባቸው ናቸው። ማንም ሆን ብሎ ያደረገው ነው አልልም፤ ማመንጫዎቹ የተሠሩት ከሰሉ በባሕር ስለሚመጣ ነው፣ እኛ የሰፈርነው ቤት ርካሽ በሆነበት ነው። ሁለቱ መንገዶች ግን አንድ ቦታ ተገናኙ።

ከሰሉ ራሱ ከየት መጣ? እስከ 1979 ድረስ የእስራኤል ነዳጅ ትልቁ ክፍል ከኢራን ነበር የሚመጣው። ከኤይላት እስከ አሽኬሎን ያለው የነዳጅ ቧንቧ በ1968 የተቋቋመው በሻህ ዘመን ለኢራን ዘይት ነው። በ1973 ጦርነት ጊዜ የዓለም የነዳጅ ዋጋ ናረ። በ1979 ሻህ ወደቀ። በዚያው ዓመት በሲና ያለው የነዳጅ ሜዳ ከሰላም ስምምነቱ ጋር ወደ ግብጽ ተመለሰ። መንግሥት ደነገጠ። የኢነርጂ ሚኒስቴር የተመሠረተውም በዚያ ድንጋጤ ዘመን፣ በ1977 ነው፤ የመጀመሪያው ሚኒስትር ይጽሐቅ ሞዳዒ ነበሩ። ሐዴራ ላይ ከሰል የማቃጠሉ ሥራ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ተጀመረ፤ አሽኬሎን ደግሞ በ1990 ተከተለች። አብዛኞቹ ወላጆቻችን በዘመቻ ሰሎሞን ከመምጣታቸው ከአንድ ዓመት በፊት ማለት ነው።

በዚያው ድንጋጤ ሌላ ነገርም ተወለደ፤ እሱም ከራሳችን በላይ ጣሪያ ላይ አለ። ከ1980 ጀምሮ አዲስ የመኖሪያ ሕንጻ ያለ ዱድ ሼሜሽ እንዳይሠራ በደንብ ተወሰነ። ቴክኖሎጂው ከዚያ በፊት በ1950ዎቹ ጀምሮ ነበረ፤ የፊዚክስ ሊቁ ጽቪ ሃሪ ታቦር ሙቀትን ይዞ የሚያስቀር ጥቁር ቀለም ሠርተው ነበር። እንግዲህ አስቡት፣ ውኃዋን በፀሐይ በማሞቅ ከዓለም ቀዳሚ የሆነች አገር፣ አምፖሏን ለማብራት ግማሽ የሚበልጠውን ኤሌክትሪክ ለብዙ ዓመታት ከድንጋይ ከሰል ስታገኝ ኖረች። ፀሐይ ጠፍታ አይደለም። ማንም ሚኒስትር ስለ ዱድ ሼሜሽ እንደተጠየቀው ስለ ኤሌክትሪክ አልተጠየቀም።

ጋዙ ሁሉን ነገር ቀየረ። ታማር በ2009 ተገኘ፤ ሌቪያታን በ2010፤ የሌቪያታን ክምችት ወደ 600 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ይገመታል። የያኔው የገንዘብ ሚኒስትር ዩቫል ስታይኒጽ ፕሮፌሰር ኤይታን ሼሺንስኪን ሰብሳቢ አድርገው ኮሚቴ አቋቋሙ፤ በ2011 በወጣው ሕግ የሕዝብ ድርሻ ከትርፉ ከ52 እስከ 62 በመቶ እንዲሆን ተወሰነ። ኩባንያዎቹ ጮኹ፣ ሕጉ ግን አለፈ። በዚያው ዓመት በሲና የግብጽ ጋዝ ቧንቧ ደጋግሞ ፈነዳ፣ በ2012 ውሉ ተሰረዘ፣ የታማር ጋዝም በማርች 2013 አሽዶድ ደረሰ። እስከዚህ ድረስ ነገሩ ለስላሳ ይመስላል።

ችግሩ ግን ሁለቱም ትልልቅ ሜዳዎች በሁለት ኩባንያዎች፣ በአሜሪካው ኖብል ኢነርጂና በደሌክ እጅ መሆናቸው ነበር። በዲሴምበር 2014 የሞኖፖል ተቆጣጣሪው ዴቪድ ጊሎ ከኩባንያዎቹ ጋር የነበረውን መግባባት እንደማይቀጥሉበት አስታወቁ፤ በ2015 ጸደይ ደግሞ ሥራቸውን እንደሚለቁ አሳወቁ። መንግሥት በነሐሴ ወር «ሚትቬ ሃጋዝ» የተባለውን የጋዝ ዕቅድ አጸደቀ። የአካባቢ ጥበቃ ሚኒስትሩ አቪ ጋባይ ተቃወሙ። ክኔሴት በሴፕቴምበር 7 ቀን 59 ለ51 ደገፈው።

አሁን ወደ ወንበሩ እንመለስ። የ1988ቱ የንግድ ገደብ ሕግ አንቀጽ 52 የሚባል ነገር አለው። የኢኮኖሚ ሚኒስትሩ ለውጭ ግንኙነት ወይም ለጸጥታ ሲባል አንድን የንግድ ስምምነት ከሞኖፖል ሕጉ ነጻ ማድረግ ይችላል፤ ግን አስቀድሞ የክኔሴትን የኢኮኖሚ ኮሚቴ ማማከር አለበት። ከዚያ በፊት ማንም አልተጠቀመበትም። የኢኮኖሚ ሚኒስትሩ አርዬ ዴርዒ ሊፈርሙ አልፈለጉም፤ በኖቬምበር ሥልጣናቸውን ለቀቁ፤ ናታንያሁም ሚኒስቴሩን ያዙ። ለመፈረም ግን መጀመሪያ መጠየቅ ነበረባቸው።

በዚህ ነው የኮሚቴው ሰብሳቢ ኤይታን ካቤል የአገሪቱን መሪ ከፊታቸው ያገኙት። የናታንያሁ ክርክር በአጭሩ እንዲህ ነው፦ አገር በአንድ ሜዳና በአንድ ቧንቧ ላይ ብቻ ተንጠልጥላ መኖር አትችልም፤ ሌቪያታን ካልተሠራ ጸጥታችን ክፍተት ይኖረዋል፤ ለጎረቤት አገሮች የሚሸጥ ጋዝ ወዳጅነት ያመጣል። የተቃዋሚዎቹ ጥያቄ ደግሞ ሌላ ነበር፦ ዋጋው ለምን ይህን ያህል? ውድድሩስ የታለ? ጸጥታ የሚለው ቃል ሞኖፖሉን ለመሸፈን የተዘረጋ ነጠላ አይደለም ወይ?

እኔን ያስገረመኝ ሕጉ ራሱ ነው። አንቀጽ 52 ሁለት ምክንያት ብቻ ያውቃል፤ ውጭ ግንኙነትና ጸጥታ። ስለዚህ ሚኒስትሩም በነዚህ ሁለት መመለስ ነበረባቸው። የአየር ንብረት ለውጥ በዚያ ክፍል ውስጥ ወንበር አልነበረውም። እና ይህ የሆነው መቼ ነው? ናታንያሁ ራሳቸው በኖቬምበር 30 ቀን ፓሪስ ላይ በአየር ንብረት ጉባኤው መክፈቻ ተገኝተው ነበር። ከኮሚቴው ስብሰባ በኋላ በአራተኛው ቀን፣ በዲሴምበር 12፣ የፓሪስ ስምምነት ጸደቀ። እስራኤል ወደዚያ ይዛ የሄደችው ቃል በ2030 ከኤሌክትሪኳ 17 በመቶውን ከታዳሽ ኃይል ለማግኘት፣ የእያንዳንዱን ሰው ልቀት ደግሞ ከ2005 አንጻር በ26 በመቶ ለመቀነስ ነበር። አንድ መንግሥት፣ አንድ ሳምንት፣ ሁለት ክፍል። በአንዱ ክፍል ስለ ልቀት ይወራል፤ በሌላኛው ለሚቀጥሉት ብዙ ዓመታት ምን እንደሚቃጠል ይወሰናል።

ለእውነት ሲባል፣ የአካባቢ ጥበቃ ሰዎችም በጋዝ ጉዳይ አንድ ልብ አልነበሩም። የተፈጥሮ ጋዝ ሲቃጠል ከድንጋይ ከሰል ግማሽ ያህል ካርቦን ነው የሚለቀው፤ የሐዴራ ሰው አየሩ የተሻለው በጋዝ ምክንያት ነው። ግን ሜቴን ሳይቃጠል ካፈተለከ ከካርቦን ይልቅ አየሩን እጅግ ያሞቃል። አንዴ መድረክና ቧንቧ ከተዘረጋ ደግሞ ገንዘቡን ለመመለስ ለአሥርተ ዓመታት መሥራት አለበት። ስለዚህ ጥያቄው «ጋዝ ወይስ ከሰል» ብቻ አልነበረም።

ኮሚቴው በድምፅ ብልጫ አንቀጹን እንዳይጠቀሙበት መከረ። ምክር ግን ምክር ነው፤ አያስርም። በዲሴምበር 17 ናታንያሁ ፈረሙ። ነገሩ ባጋጽ ደረሰ፤ በፌብሩዋሪ 2016 ናታንያሁ ራሳቸው በዳኞቹ ፊት ቆመው ተከራከሩ፤ በሥልጣን ላይ ያለ ጠቅላይ ሚኒስትር እንዲህ ሲያደርግ የመጀመሪያው ነበር። በማርች 27 ዳኞቹ በ4 ለ1 ድምፅ አንድ ክፍል ጣሉ፤ «ፒስካት ያጺቩት» የተባለውን የመረጋጋት አንቀጽ። በእሱ መሠረት መንግሥት ለ10 ዓመት ደንቡን እንዳይቀይር ለኩባንያዎቹ ቃል ገብቶ ነበር። የዛሬ መንግሥት የነገውን መንግሥት እጅ ሊያስር አይችልም ነው የፍርዱ ሐሳብ። በሜይ ወር የተለሳለሰ አንቀጽ ተተክቶ ዕቅዱ ቀጠለ።

እኔ ይህን ፍርድ ከወጣቶች ዓይን ነው የማነበው። በ2015 ድምፅ መስጠት የማይችል የ12 ዓመት ልጅ በ2025 የ22 ዓመት መራጭ ነው። አንቀጹ እንዳለ ቢቀር ኖሮ እስከዚያ ድረስ የሚጠይቀው ሚኒስትር ቢኖርም፣ ሊቀይር የሚችል ሚኒስትር አይኖረውም ነበር።

በዚያው ጊዜ አካባቢ እኛም አንድ መልስ አግኝተን ነበር፣ ካስታወሳችሁ። መንግሥት በኖቬምበር 2015 በኢትዮጵያ የቀሩትን ወገኖቻችንን ለማምጣት ወስኖ ነበር፤ በ2016 ግን በጀት የለም ተባለ። አቭራሃም ንጉሤና ዴቪድ አምሳለም ከጥምር መንግሥቱ ጋር ድምፅ አንሰጥም አሉ፤ 61 ወንበር ብቻ ያለው መንግሥት ያለ እነሱ መንቀሳቀስ ከበደው። ከጋዙ ታሪክ ጋር የማያይዘው ገንዘቡ ከዚያ ይመጣ ነበር ብዬ አይደለም። የጋዝ ግብር የሚጠራቀምበት የዜጎች ፈንድ ሕጉ በ2014 ቢወጣም 1 ቢሊዮን ሼቄል እስኪሞላ ድረስ እስከ ጁን 2022 ሥራ አልጀመረም። የማያይዘው ሚኒስትር የሚመልሰው መልስ ባለማግኘቱ ዋጋ የሚያስከፍለው ሰው ሲኖር ብቻ መሆኑን ሁለቱም ስለሚያሳዩ ነው።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ዓመታት በፍጥነት ልለፍ። ስታይኒጽ የኢነርጂ ሚኒስትር ሆነው የድንጋይ ከሰል በ2030 ያበቃል አሉ፣ በኋላ ቀጠሮውን ወደ 2025 ሳቡት። የታዳሽ ኃይሉ ግብ በ2020 ወደ 30 በመቶ ከፍ አለ። የሌቪያታን ጋዝ በ2019 የመጨረሻ ቀን መፍሰስ ጀመረ፤ መድረኩ ከዶር ባሕር ዳርቻ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ይታያል፤ የአካባቢው ነዋሪዎችም ተቃውመው ነበር። በ2021 ካሪን ኤልሃራር ሚኒስትር ሆኑ። ግላስጎው ላይ በተሽከርካሪ ወንበራቸው ወደ ጉባኤው መግባት አቅቷቸው ዓለም ሁሉ ያወራላቸው እሳቸው ናቸው። በዲሴምበር 2021 በቀጣዩ ዓመት አዲስ የባሕር ጋዝ ፍለጋ አይኖርም፣ ትኩረቱ ታዳሽ ኃይል ነው አሉ። በፌብሩዋሪ ዩክሬን ተወረረች፤ አውሮፓ ጋዝ ፈለገች፤ በሜይ ውሳኔያቸውን ሻሩ፤ በጁን 15 ካይሮ ላይ ከአውሮፓ ኅብረትና ከግብጽ ጋር የጋዝ ስምምነት ፈረሙ። አንድ ሚኒስትር፣ ስድስት ወር፣ ሁለት መልስ። እንደ ክህደት አላየውም፤ ጋዙ እጃቸው ላይ ነበረ፣ ፀሐዩ ገና ዕቅድ ነበር።

ናታንያሁ በ2015 ያሉት ባዶ ወሬ እንዳልነበረም መጻፍ አለብኝ። ከኦክቶበር 7 ቀን 2023 በኋላ የታማር መድረክ ለአንድ ወር ያህል ተዘጋ፤ ሌቪያታን ግን መሥራቱን ቀጠለ። ሁለተኛ ሜዳ ያስፈልጋል ያሉት ልክ ነበሩ። በጁን 2025 ከኢራን ጋር በነበረው ጦርነት ደግሞ ሌቪያታን ራሱ ተዘጋ፤ ማመንጫዎቹም ወደ ሌላ ነዳጅ፣ ወደ ከሰልም ጭምር ዞሩ። እዚህ ላይ ክርክሩ በራሱ ላይ ይዞራል፦ ባሕር ላይ የቆሙ ጥቂት መድረኮች ለሚሳይል የተጋለጡ ከሆኑ፣ በሺህ በሚቆጠሩ ጣሪያዎች ላይ የተበተነ ፀሐይ የጸጥታ ጉዳይ አይሆንም ወይ? በ2015 ይህን ጥያቄ በ«ጸጥታ» ስም ማንሳት የሚችል ሰው በኮሚቴው ክፍል ውስጥ ቢኖር፣ የአንቀጽ 52ን ቋንቋ ሳይለቅ ስለ አየር ንብረት ይጠይቅ ነበር።

ፕሮቶኮሎቹ በክኔሴት ድረ ገጽ ላይ ለሁሉም ክፍት ናቸው፤ በዕብራይስጥ ነው፣ ግን እናንተ ከእኔ በተሻለ ታነቡታላችሁ። ኮሚቴ ውስጥ ከሚባለው ሌላ «ሺኢልታ» የሚባል መንገድም አለ፤ የክኔሴት አባል ለሚኒስትር ጥያቄ ያቀርባል፣ ሚኒስትሩም መመለስ ግዴታው ነው። እኔ አሁን እየሰበሰብኩ ያለሁት ሐዴራንና አሽኬሎንን የሚነኩትን ሺኢልታዎች ነው፤ ከ1980ዎቹ ጀምሮ፣ ስለ ጭሱ፣ ስለ አመዱ፣ ስለ ቀጠሮዎቹ። ከወላጆቻችሁ ወይም ከአያቶቻችሁ መካከል በማመንጫው ግቢ ውስጥ የሠራ፣ በጽዳትም ይሁን በጥበቃ፣ ካለ ላነጋግረው እፈልጋለሁ፤ በአማርኛ፣ «ከሰል» ሲል የትኛውን ከሰል እንደሆነ ቀስ ብለን እየተግባባን።