ስለ ፀሐይና ስለ ጨረቃ አምልኮ የሚናገር የታሪክ ሐተታ

ጻድቁ ኢዮብ በ31ኛው ምዕራፍ ራሱን ሲመረምር፥ ፀሐይ ስታበራ ጨረቃም በክብር ስትሄድ አይቶ ልቡ በስውር እንዳልተታለለ፥ እጁንም በአፉ እንዳልሳመ ይናገራል። እጅን መሳም ስለ ምን በደል ይባላል ቢሉ፥ አሕዛብ ለሩቅ አምላካቸው የሚሰግዱት እጃቸውን ስመው ወደ ሰማይ በመዘርጋት ስለ ነበረ ነው። የእንጨቱንና የድንጋዩን ምስል ቀርቦ መሳም ይቻላል፤ ፀሐይና ጨረቃ ግን የማይደረስባቸው ናቸውና መሳሙን በእጅ ላኩላቸው። አንድም በስውር ማለቱ፥ ጣዖት ያቆመውን ሰው ጎረቤቱ ያየዋል፤ በማለዳ በደጁ ቆሞ እጁን የሳመውን ግን ከእግዚአብሔር በቀር የሚያውቅበት የለም ሲል ነው። ስለዚህ ይህ አምልኮ ለመግባት የቀለለ፥ ለመንቀል ግን የከበደ ሆኖ ብዙ ዘመን ኖረ።

መነሻውን የሚፈልግ ወደ ከለዳውያን አገር ይመልከት። በዑር ከተማ የጨረቃ አምላክ ናና ይባል ነበር፤ ሲን የሚል ስምም ነበረው። ንጉሡ ኡር ናሙ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2100 ዓመት ግድም በጡብ በእርከን የተሠራ ታላቅ ግንብ አቆመለት፤ ፍራሹ ዛሬም በኢራቅ ምድር ይታያል። ሁለተኛይቱ የጨረቃ ከተማ ካራን ናት። ታራ ልጁን አብርሃምን ይዞ ከዑር ወጥቶ በካራን መቀመጡ በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 11 ተጽፏል። እንግዲህ ታራ ከአንዲት የጨረቃ ከተማ ወጥቶ ወደ ሌላይቱ ገባ እንጂ ከልማዱ አልወጣም፤ ከሁለቱም የወጣ በእግዚአብሔር ቃል የተጠራው አብርሃም ነው። ኢያሱም በ24ኛው ምዕራፍ የአባቶቻቸውን ሌሎች አማልክት ማምለክ ለእስራኤል ያስታወሳቸው ይህን ነው።

ይህ አምልኮ በነገሥታቱ ቤት እስከ ባቢሎን መጨረሻ ጸንቶ ነበር። ከ556 እስከ 539 ቅድመ ልደት የነገሠው ናቦኒዶስ የካራንን ቤተ ጣዖት አሳደሰ፥ ሴት ልጁንም በዑር ለጨረቃ ታገለግል ዘንድ ሾመ። በትንቢተ ዳንኤል ስሙ የተነሣው ብልጣሶር የዚህ ንጉሥ ልጅ ነው። መንግሥቱን ፋርሶች በወሰዱበት ቀን ጨረቃ አላዳነችውም።

ሰው ጨረቃን የሚፈራበት ዋናው ምክንያት መጨለምዋ ነበር። በአሦር የሰናክሬም ልጅ አስራዶን በነገሠበት ዘመን፥ ጨረቃ ስትጨልም ለንጉሡ የሞት ምልክት ነው ብለው ጠንቋዮቹ ይተረጉሙ ነበር። በዚያ ጊዜ ንጉሡ ከዙፋኑ ይሰወራል፤ ከተራው ሕዝብ አንድ ሰው ተመርጦ የንጉሥ ልብስ ለብሶ በዙፋኑ ይቀመጣል፤ ቢረዝም እስከ 100 ቀን ድረስ ከቆየ በኋላም ክፉው ዕጣ በእርሱ ላይ ይውረድ ተብሎ ይገደላል። ነቢዩ ኤርምያስ በ10ኛው ምዕራፍ አሕዛብ ከሰማይ ምልክት እንደሚፈሩ እናንተ አትፍሩ ማለቱ ስለ እንዲህ ያለው ነገር ነው። ባዕድ ፍርሃት ንጹሕ ደም እስከ ማፍሰስ ያደርሳልና።

ሁለተኛው ምክንያት እህል ነው። በበጋው ሐሩር ሣሩ ሲደርቅ ምንጩም ሲጎድል፥ የመስጴጦምያ ሰዎች የልምላሜ አምላክ የሚሉት ተሙዝ ሞተ ብለው በየዓመቱ ያለቅሱለት ነበር። ይህ ልቅሶ ኢየሩሳሌም ድረስ ገብቶ ሴቶች በመቅደሱ በር ተቀምጠው ሲያለቅሱ ሕዝቅኤል በ8ኛው ምዕራፍ አየ፤ ቀጥሎም ወንዶቹ ጀርባቸውን ለቤተ መቅደስ ሰጥተው ፊታቸውን ወደ ምሥራቅ መልሰው ለፀሐይ ሲሰግዱ አየ። አይሁድ ከምርኮ ይዘውት የመጡት የአራተኛው ወር ስም እስከ ዛሬ ተሙዝ መባሉ፥ ልማድ አምልኮው ከጠፋ በኋላ እንኳ በስም እንደሚቀር ያስረዳል።

በይሁዳ ንጉሡ ምናሴ በእግዚአብሔር ቤት በሁለቱ አደባባይ ለሰማይ ሠራዊት መሠዊያ ሠራ። የልጁ ልጅ ኢዮስያስ በነገሠ በ18ኛው ዓመት፥ ይኸውም ከክርስቶስ ልደት በፊት በ622 ዓመት ግድም፥ የሕጉ መጽሐፍ ሲገኝ ልብሱን ቀደደ፤ ለፀሐይ የተሰጡትን ፈረሶች አስወገደ፥ የፀሐይንም ሠረገሎች በእሳት አቃጠለ፥ ለፀሐይና ለጨረቃ የሚያጥኑትንም ካህናት ሻረ፤ ይህ በራብዕ መጽሐፈ ነገሥት ምዕራፍ 23 ይገኛል። ንጉሥ እንዲህ ያለ ትጋት ካሳየ ልማዱ ተነቅሎ ይጠፋ ዘንድ በተገባ ነበር።

ነገር ግን አልጠፋም። ኤርምያስ በ7ኛው ምዕራፍ በየቤቱ የሚደረገውን ይናገራል፤ ልጆች እንጨት ይለቅማሉ፥ አባቶች እሳት ያነድዳሉ፥ ሴቶችም ለሰማይ ንግሥት እንጎቻ ሊጋግሩ ሊጥ ያቦካሉ። ሠረገላ በአደባባይ ይቃጠላል፤ ምጣድን ግን ማን ፈትሾ ያገኘዋል? ኢየሩሳሌም ፈርሳ ሕዝቡ ወደ ግብጽ በሸሸ ጊዜ ነቢዩ ቢገሥጻቸው የመለሱለት መልስ በ44ኛው ምዕራፍ ተጽፏል። ለሰማይ ንግሥት ስናጥን እንጀራ እንጠግብ ነበር፥ ካቋረጥን ወዲህ ግን በሰይፍና በረኃብ አለቅን አሉት። ይህ መልስ ሊታሰብበት የሚገባ ነው። እነዚህ ሰዎች የሕጉን ቃል ያልሰሙ አልነበሩም፤ ሰምተው በረኃብ መዘኑት። ኢዮስያስ መሠዊያቸውን ወሰደ፥ በመጊዶ ሲሞት ግን ፍርሃታቸው በቤታቸው ነበረ። ከዚህ የተነሣ ልማድን ለማስወገድ የሚተጋ መምህርም ሆነ ገዥ፥ ሕዝቡ በዚያ ልማድ ምን ይለምን እንደ ነበረ ካላወቀ፥ የጣለው ነገር በጓዳ ተመልሶ እንደሚቆም ይረዳል።

ኦሪት ግን ሌላ መንገድ አሳይታለች። በዘፍጥረት ምዕራፍ 1 ፀሐይና ጨረቃ በስማቸው አልተጠሩም፤ ታላቁ ብርሃንና ታናሹ ብርሃን ተባሉ። ይህም በዙሪያ ያሉ አሕዛብ ስማቸውን የአምላክ ስም አድርገውት ነበርና ነው። ሥራቸውም ለዘመን፥ ለቀንና ለዓመት ምልክት መሆን ነው ተባለ። እንዲሁም የወር መባቻ አልተሻረም፤ በዘኍልቍ ምዕራፍ 28 ሁለት ወይፈኖች፥ አንድ አውራ በግና ሰባት ጠቦቶች ለእግዚአብሔር እንዲቀርቡበት ታዘዘ። ሕዝቡ ጨረቃን ማየቱን አልተወም፤ የሚያይበት ምክንያት ተለወጠ። አይሁድ በኋላ ዘመን ጨረቃን ያዩ ምስክሮች በሸንጎ ሲመሰክሩ ወሩን አውጀው ከተራራ ወደ ተራራ እሳት እያነደዱ ለሩቅ አገር ያሳውቁ ነበር። ቤተ እስራኤልም በኢትዮጵያ ሲኖሩ የጨረቃን መባቻ በዓል አድርገው ይጠብቁ ነበር።

ይህ ነገር አገራችንን ኢትዮጵያንም ይነካል። ክብረ ነገሥት ንግሥተ ሳባ ሰሎሞንን ከማግኘቷ በፊት ሕዝቧ እንደ አባቶቹ ሥርዓት ለፀሐይ ይሰግድ እንደ ነበረ ይተርካል። ድንጋዮችም ይመሰክራሉ። በይሓ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ7ኛው መቶ ዓመት ግድም የተሠራው መቅደስ አልመቃህ ለሚባለው የሳባ አምላክ ነበረ፤ በ2000 ዓ.ም በውቅሮ አጠገብ የተገኘው መሠዊያም ይህንኑ ስም ይዟል። ስለዚህ አምላክ ሊቃውንቱ አልተስማሙም፤ የቀደሙት የጨረቃ ነው ሲሉ፥ በኋላ የተነሡት ከፀሐይ ጋር ያያይዙታል። በመጠራ የቆመው ሐውልት በራሱ ላይ ክበብና የጨረቃ ቅርጽ ተቀርጾበታል። ከንጉሡ እንዱቢስ ጀምሮ በአክሱም ገንዘብ ላይ ይኸው ምልክት ከንጉሡ ራስ በላይ ይታተም ነበር።

ንጉሡ ዒዛናም በመጀመሪያው ገንዘቡ ይህን ምልክት አተመ፥ በቀደሙት ጽሑፎቹም የማሕረም ልጅ ነኝ ይል ነበር። በ4ኛው መቶ ዓመት፥ ቅዱስ አትናቴዎስ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንን ጳጳስ አድርጎ በላከበት ዘመን፥ ንጉሡ ባመነ ጊዜ ጽሑፉ የሰማይን ጌታ የሚያመሰግን ሆነ፤ ጨረቃ በነበረበት በዚያው ስፍራም መስቀል ገባ። መስቀልን በገንዘባቸው ላይ ካተሙ ነገሥታት ከመጀመሪያዎቹ አንዱ እርሱ ነው። ገንዘብ ደግሞ በነጋዴውም በገበሬውም እጅ የሚዞር ነውና፥ አዋጅ በማይደርስበት ቦታ ይደርሳል። በይሓም የአልመቃህ መቅደስ አልፈረሰም፤ ቤተ ክርስቲያን ሆኖ አገልግሏል፥ ግንቡም እስከ ዛሬ ቆሞ በአጠገቡ የአባ አፍጼ ገዳም ይገኛል። ኢዮስያስ ያፈረሰው በሚገባ ነው፥ ጣዖቱ በእግዚአብሔር ቤት ውስጥ ገብቶ ነበርና። በይሓ የተደረገውም በሚገባ ነው፥ ቤቱ ከጣዖት ወደ እግዚአብሔር ዞሯልና።

የዚህ ሁሉ ፍጻሜ በባሕረ ሐሳብ ይታያል። በእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት በድሜጥሮስ ስም የሚጠራው ይህ ቍጥር ፀሐይንና ጨረቃን አንድ ላይ ያስኬዳል። የጨረቃ ዓመት 354 ቀን፥ የፀሐይ 365 ቀን ከሩብ ነውና ልዩነቱ 11 ቀን ይሆናል፤ ወንበሩ በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ አበቅቴ፥ በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ መጥቅዕ ይወጣል፤ ሁለቱም ሲደመሩ 30 ይሆናሉ። በ19 ዓመት ፀሐይና ጨረቃ ወደ ተነሡበት ይመለሳሉ፤ 532 ዓመትም ሲሞላ ዐቢይ ቀመር ይፈጸማል። ከዚህ ቍጥር ጾምና ትንሣኤ ይወጣሉ። የዑር ሰው ግንብ የሠራላት፥ የአሦር ንጉሥ በመጨለሟ ከዙፋኑ የሸሸላት ጨረቃ ዛሬ ደብተራው በጣቱ ይቈጥራታል፤ እርስዋም የታዘዘችውን ሠርታ ታልፋለች። ኢዮብ ያልሳመው እጅ እንዲህ ባለው ሥራ ቢውል ነቀፋ የለበትም።