አንድ ተማሪም ይበቃል

እ.ኤ.አ. በ1941 መጸው ነው። ኒው ዮርክ በሚገኘው ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ስለ ጃፓን አስተሳሰብ ታሪክ ለመማር የተመዘገበው ዶናልድ ኪን የተባለ የ19 ዓመት ወጣት ብቻ ነበር። ለእሱ ሲባል አዛውንቱ መምህር መድከማቸው አሳፍሮት «ልተወው» ቢላቸው፣ አንድ ተማሪ ይበቃል አሉት። ለዚያው ለአንዱ ተማሪ ጥቁር ሰሌዳውን በጽሑፍ ሞልተው፣ መጻሕፍት ከምረው ይጠብቁት ጀመር።

እኚህ ሰው ርዩሳኩ ትሱኖዳ ይባላሉ። ተማሪዎቻቸው «ሴንሴይ» ይሏቸዋል፤ በእኛ አፍ «የኔታ» እንደ ማለት ነው።

ዲሴምበር 7 ቀን 1941 ፐርል ሐርበር ተደበደበ። ሴንሴይ ከክፍል ቀሩ፤ የጠላት አገር ዜጋ ተብለው ታስረው ነበር። በኋላ ተፈትተው ወደ ሰሌዳቸው ተመለሱ።

ኪን በበኩሉ የባሕር ኃይሉ የጃፓንኛ ትምህርት ቤት ገባ። ይህ ትምህርት ቤት በ1942 ከካሊፎርኒያ ወደ ኮሎራዶ የተዛወረበት ምክንያት የሚገርም ነው። መንግሥት የጃፓን ዘር ያላቸውን ሁሉ ከምዕራቡ የባሕር ዳርቻ ሲያስነሣ፣ አብዛኞቹ መምህራን ከእነዚያው ወገን ስለነበሩ ትምህርት ቤቱ ያለ አስተማሪ ሊቀር ሆነ። እናም መምህራኑ ወገኖቻቸው በሽቦ በታጠረ ካምፕ ተዘግተው ሳለ፣ የዘጋቸውን መንግሥት መኮንኖች ቋንቋቸውን አስተማሩ። ከጦርነቱ በኋላ በአሜሪካ የጃፓን ጥናትን ካቆሙት ምሁራን ብዙዎቹ ከዚያ የወጡ ናቸው።

ሊቅ መገኘቱ ግን አንድ ነገር ነው። የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪው ጃፓንኛ አያውቅም፤ ክፍሉን የሚይዘውም ብዙ ጊዜ የሌላ ሙያ መምህር ነው። ታዲያ ይህን መምህር ማን ያስተምረው? ከ1940ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በኮሎምቢያ የእስያን ትምህርት ለሁሉም ተማሪ ለማድረስ የተነሣው ዊልያም ቴዎዶር ደ ባሪ ይህ ገባው። ከኪንና ከሴንሴይ ጋር ሆኖ በ1958 የጃፓንን ትውፊት ምንጮች በእንግሊዝኛ የያዘ ጥራዝ አሳተመ። መሠረቱ የሴንሴይ የክፍል ማስታወሻ ነው። ልዑል ሾቶኩ ካወጣው 17 አንቀጽ ጀምሮ ጃፓናውያኑ ራሳቸው ይናገሩበታል፤ መምህሩ ቋንቋውን ባያውቅም ከተማሪው ጋር ቁጭ ብሎ ሊያነበው ይችላል።

እግረ መንገዴን፦ በእኛ አገር ከበደ ሚካኤል «ጃፓን እንደምን ሠለጠነች»ን ያሳተሙት በ1946 ዓ.ም. ነው። የእሳቸው ጥያቄ ስለ ሥልጣኔዋ ነበር፤ የእነሴንሴይ ደግሞ ጃፓናዊው ምን ያስብ እንደነበር። ሁለተኛውን ጥያቄ እኛ ገና በቅጡ አልጠየቅንም ባይ ነኝ።

ሴንሴይ እ.ኤ.አ. በ1964 ወደ አገራቸው ሲመለሱ መንገድ ላይ ሐዋይ ውስጥ አረፉ። በዚያችው ሐዋይ በ1990 ዩኒቨርሲቲውና ኢስት ዌስት ሴንተር የሚባለው ተቋም አንድ ፕሮግራም አቋቋሙ። በክረምት የሚሰበስበው የሥነ ጽሑፍ፣ የፍልስፍና፣ የታሪክ መምህራንን ነው። በእስያ ጉዳይ ሊቅ ያልሆኑት እነዚህ ሰዎች ለጥቂት ሳምንታት ተማሪ ሆነው ይቀመጡና፣ ጃፓንንም ሆነ ቻይናን በነበረው ትምህርታቸው ውስጥ እንዴት እንደሚያስገቡ ተምረው ወደየኮሌጃቸው ይመለሳሉ።