የአንጀት መስፊያ ክርና ጠማማ መርፌ
ብረት፤ ከበግ አንጀት የተሠራ ክር

ይህ ክር ራሱ አንጀት ነው። ካትገት ይባላል፤ ከበግ ወይም ከከብት አንጀት ተፈትሎ ይሠራል። ቁስሉ ሲሽር በሰውነት ውስጥ ሟሙቶ ስለሚጠፋ፣ ክሩን ለማውጣት ሆድ ዳግም አይከፈትም።

የከብት ሐኪም ይህን መርፌ ከሚያነሣባቸው ድንገተኛ ሕመሞች አንዱ፣ የአንጀት አንዱ ክፍል ወደ ቀጣዩ ሲገባ የሚመጣው መዘጋት ነው። ላሟ መጀመሪያ ሆዷን በእግሯ ትመታለች፤ ትተኛለች፣ ትነሣለች። ከዚያ ሕመሙ የተዋት ትመስላለች። ባለቤቱን የሚያዘናጋው ይህ ጸጥታ ነው፤ አንጀቱ እየሞተ ያለውም በዚሁ ጊዜ ነው። እበት ይቀርና ጥቁር ደም የተቀላቀለበት ንፍጥ ይወጣል።

ቀዶ ሕክምናው ብዙ ጊዜ የሚደረገው ላሟ እንደቆመች፣ ጎኗ ብቻ ደንዝዞ ነው። ለማደንዘዣ የሚያገለግለውን ሊዶኬይን ስዊድናዊው ኒልስ ሎፍግሬን እ.ኤ.አ. በ1943 ሠራው። የግራውን ጎን ጨጓራ ስለሚሞላው የሚቀደደው ቀኙ ነው። የሞተው አንጀት ተቆርጦ ይወጣል፤ ጤነኞቹ ጫፎች በእንዲህ ያለ ክር ይጋጠማሉ። ስፌቱ በአንድ ቦታ እንኳ ካፈሰሰ ፈርሱ ሆድ ዕቃዋን ይመርዛል።