የጆሃንስበርግ ግሪኮች

የጆሃንስበርግ ግሪኮች በደቡብ አፍሪካ ካሉት የግሪክ ማኅበረሰቦች ትልቁን የሚይዙ ስደተኞችና ልጅ ልጆቻቸው ናቸው። በ1970ዎቹ በመላ አገሪቱ 120 ሺህ ያህል ግሪኮች ነበሩ የሚለው ግምት በብዛት ይጠቀሳል፤ የቅርብ ጊዜ ግምቶች ከ50 ሺህ በታች ያወርዱታል። (ዓመታቱ፣ ወራቱና ቀናቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አመጣጥ

በ1886 የዊትዎተርስራንድ ወርቅ ሲገኝ ከመጡት መካከል ከኢታካ፣ ከሌስቦስ፣ ከቀርጤስና ከቆጵሮስ የተነሡ ወጣቶች ይገኙበታል። የ1930ው የኮታ ሕግ በሩን አጠበበ። በዋናነት የምሥራቅ አውሮፓ አይሁዶችን ለማስቀረት የወጣ ነው ቢባልም፣ ግሪክም ከተመረጡት አገሮች ዝርዝር ውጪ ስለነበረች በዓመት ለ50 ሰው ብቻ ኮታ ከሚሰጣቸው ተመደበች። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ስደቱ እንደገና በረታ። ብዙዎቹ በቀጥታ ከግሪክ የመጡ አልነበሩም፤ ከፕሬዚዳንት ናስር ዘመን ግብፅ፣ ከኮንጎ፣ ኋላም ከሞዛምቢክ የለቀቁ ነበሩ።

ንግድ

የግሪኩ መለያ በየመንገዱ ማዕዘን ያለችው ሱቅ ነበረች፤ የከተማው ሰው «ካፌ» ይላታል። ጎሕ ሳይቀድ ተከፍታ ዳቦ፣ ወተት፣ ሲጋራና ጋዜጣ ትሸጣለች፤ የተጠበሰ ዓሣና ድንች በወረቀት ጠቅልላ ትሰጣለች፤ የምትዘጋውም አላፊ አግዳሚው ሲጠፋ ነው። ባለቤቱ ከነቤተሰቡ ብዙ ጊዜ ከጓሮ ወይም ከፎቁ ይኖራል፤ ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ከባንኮኒው ኋላ ይቆማሉ። ሌሎች መደብሮች በሕግ በሚዘጉባቸው ሰዓታት ካፌዎች ክፍት ሆነው የዕለት ፍጆታ መሸጥ መቻላቸው ረድቷቸዋል። በማዕድን ማውጫዎቹ ዙሪያ ደግሞ ለጥቁር ሠራተኞች ምግብ የሚሸጡ ቤቶችን የያዙ ግሪኮች ነበሩ። ልጆቹ ግን ሱቁን አልወረሱም፤ ጠበቃ፣ ሐኪም፣ መሐንዲስ ሆኑ። በጆሃንስበርግ መሀል በጄፒ ጎዳና ጅምላ ገዝተው በየሎኬሽኑ (በየጥቁሮች መኖሪያ ሰፈሩ) ሱቅ የከፈቱ ኢትዮጵያውያን ዛሬ የሚኖሩት ኑሮ ከቀድሞው የግሪክ ባለሱቅ ኑሮ ብዙ የራቀ አይመስልም፤ ልዩነቱ ግሪኩ በአፓርታይድ ሕግ ነጭ ተብሎ መመዝገቡ ነው።

ጆርጅ ቢዞስ

የማኅበረሰቡ ስመ ጥር ሰው በ1927 በሜሲንያ፣ ቫሲሊጺ መንደር ተወለደ። በ1941 ከአባቱ ጋር ሰባት የኒውዚላንድ ወታደሮችን ከጀርመኖች ሸሽጎ በጀልባ ወደ ቀርጤስ ለማሻገር ተነሣ፤ የእንግሊዝ የጦር መርከብ ባሕር ላይ አገኛቸው። በእስክንድርያና በደርባን በኩል ጆሃንስበርግ ሲቃረብ፣ ኦሴቫብራንድቫግ የተባለው አክራሪ የአፍሪካነር ድርጅት የአውሮፓን «ጥራጊ» አንቀበልም ብሎ በዋናው ባቡር ጣቢያ ስለተሰለፈ ስደተኞቹ ብራምፎንቴን ላይ ወረዱ። ቢዞስ መጀመሪያ በሱቅ ሠራ፤ ከዊትዎተርስራንድ ዩኒቨርሲቲ ተመርቆ በ1954 ጠበቃ ሆነ። ኔልሰን ማንዴላ በተከሰሰበት የሪቮንያ ችሎት (1963–64) «ለመሞት ዝግጁ ነኝ» ባለበት ንግግር ላይ «ካስፈለገ» የሚለውን እንዲያስገባ የመከረው እሱ ነው፤ ሞትን የሚለምን እንዳይመስል። በ2020 አረፈ።

ዲሚትሪ ጻፌንዳስ

ጻፌንዳስን ከጆሃንስበርግ ግሪኮች መቁጠር ያከራክራል። በ1918 በሎሬንሶ ማርኬስ (የዛሬዋ ማፑቶ) ከቀርጤስ አባትና ከሞዛምቢካዊት እናት ተወለደ፤ ድርጊቱን የፈጸመውም ኬፕታውን ነው። መስከረም 6 ቀን 1966 በፓርላማው ተላላኪነት ተቀጥሮ ሳለ ጠቅላይ ሚኒስትር ሄንድሪክ ፈርቩርትን ከመቀመጫቸው በጩቤ ወግቶ ገደላቸው። በጥቅምት ችሎቱ የአእምሮ ሕመምተኛ ስለሆነ ሊዳኝ አይችልም ብሎ ወሰነ፤ ሆዱ ውስጥ ያለ ግዙፍ ኮሶ ያዘዋል የሚለው ታሪክም ለአሥርት ዓመታት በየጋዜጣው ተደጋገመ። ጻፌንዳስ ለፖሊስ በሰጠው ቃል ግን የጠቅላይ ሚኒስትሩን የዘር ፖሊሲ በመጥላት እንዳደረገው ተናግሯል። ተመራማሪው ሃሪስ ዱሴሜትዚስ በ2018 ለፍትሕ ሚኒስትሩ ባቀረበው ሰፊ ጥናት፣ ጻፌንዳስ ዕብድ ሳይሆን የረጅም ጊዜ ኮሚኒስትና የፖለቲካ ታጋይ ነበር ሲል ተከራከረ፤ ቢዞስም ደግፎታል። የኮሶውን ወሬ በነፍሰ ገዳይ ላይ ሊቀለድበት ስለሚመች ብቻ ያመኑት ብዙ ይመስላል። መንግሥትም አንድ ዕብድ እንጂ አገዛዙን የተቃወመ ሰው ገደላቸው እንዲባል የሚፈልግበት ምክንያት አልነበረውም። ጻፌንዳስ በሮበን ደሴትና በፕሪቶሪያ እስር ቤቶች ቆይቶ፣ በ1994 ከጆሃንስበርግ በስተ ምዕራብ በክሩገርስዶርፕ ወደሚገኘው ስተርክፎንቴን የአእምሮ ሆስፒታል ተዛወረ፤ በ1999 እዚያው ሞተ፤ ምልክት በሌለው መቃብርም ተቀበረ።

ቤተ ክርስቲያንና ትምህርት

የቅዱሳን ቆስጠንጢኖስና ዕሌኒ ካቴድራል በመሀል ከተማ፣ በወልማራንስ ጎዳና ይገኛል። የጆሃንስበርግ ሀገረ ስብከት በአዲስ አበባ የግሪክ ቤተ ክርስቲያን ካለበት የአክሱም ሀገረ ስብከት ጋር በአንድ የእስክንድርያ ግሪክ ፓትርያርክ ሥር ነው። ምእመናኑ ግን በአብዛኛው ከመሀል ከተማ ወጥተው ወደ ቤድፎርድቪው ሰፈርና አካባቢው ሄደዋል። የማኅበረሰቡ ሳሄቲ ትምህርት ቤትም በ1974 እዚያው ተከፈተ፤ ቢዞስ ከመሥራቾቹ አንዱ ሲሆን፣ ትምህርት ቤቱ በአፓርታይድ ዘመን ጥቁር ተማሪዎችን ከተቀበሉት ውስጥ ይጠቀሳል።

ስፖርት

የአርሰናል ዋና ሥራ አስፈጻሚ የነበረው ኢቫን ጋዚዲስ በ1964 በጆሃንስበርግ ተወለደ፤ አባቱ አፓርታይድን በመቃወሙ የታሰረ ሐኪም ነበር።

መገናኛ ብዙኃን

ሄለኒክ ሬዲዮ የተባለ ጣቢያ ከጆሃንስበርግ ለማኅበረሰቡ ያሰራጫል።