ገበታ፣ ሰንጠረዥና ኩቢያ፦ የጨዋታን ጽሑፍ ማን ያስቀምጣል?

ዛሬ የምንጽፍላችሁ ስለ ጨዋታ ነው። ጨዋታ ደግሞ ምን ታሪክ አለው እንዳትሉን፤ አለው፣ ያውም የኛም አለበት። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የጻፍነው።

እዚህ ሽኩና ኣሌፍ ልጆቻችንና የልጅ ልጆቻችን አራት አምስት ሆነው ጠረጴዛ ከበው ሰዓታት የሚቀመጡበት ጨዋታ አለ። ወረቀት፣ እርሳስ፣ ብዙ ፊት ያለው ኩቢያ፣ ከዚያ ወሬ ብቻ። በዕብራይስጥ «ሚስሓኬ ታፍኪዲም» ይሉታል፤ ከሁሉ የታወቀው «መቡኺም ኡድራኮኒም» ነው። አንዱ ንጉሥ ነኝ ይላል፣ አንዱ ሌባ ነኝ ይላል፣ አንዷ ጠንቋይ ነኝ ትላለች። እናት ከኩሽና ሆና ስትሰማ ብትደነግጥ አይፈረድባትም።

ነገሩን በራሳችን ጨዋታ ብናስረዳው ይቀላል። እንቆቅልሽ ስንጫወት መልሱ የጠፋውን ሰው ጠያቂው «አገር ስጠኝ» ይለው የለ? ያኛውም ጎንደርን ይሰጠዋል። ከዚያማ ጠያቂው ጎንደር ገባሁ፣ ተሾምሁ፣ በላሁ፣ ጠጣሁ እያለ በዓይኑ ያላያትን ከተማ ይገዛል፤ ተሸናፊው ይሰደባል፣ ቤቱ በሳቅ ይሞላል። ለዚያች ደቂቃ አገሩ የእውነት ነው። የልጆቹም ጨዋታ ይኸው ነው። ልዩነቱ፣ አገር ሰጪው አንድ ተራኪ መሆኑ፣ የተጻፈ ሕግ መኖሩ፣ የሚሳካውንና የማይሳካውን ደግሞ ኩቢያው መወሰኑ ነው።

እኛን የገረመን ግን ጨዋታው አይደለም። የገረመን እነዚህ ተጫዋቾች ስለ ጨዋታቸው የጻፉትን እንዴት አድርገው እንደሚያስቀምጡት ነው።

ጨዋታው የታተመው በ1974 አሜሪካ ውስጥ፣ ዊስኮንሲን በሚባለው ክፍለ ሀገር፣ ሌክ ጄኔቫ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። የፈጠሩት ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን ናቸው። መጀመሪያ የወጣው 1,000 ሳጥን ብቻ ነበር። ሕጉ ብዙ ጎደሎ ነበረው፤ የገዛው ሰው «ይህስ እንዴት ነው? ያስ ቢመጣ ምን ይደረጋል?» እያለ ይጽፍ ጀመር። ስለዚህ በ1975 ትንሽ ጋዜጣ፣ በ1976 ደግሞ «ድራገን» የሚባል መጽሔት ወጣ። መጽሔቱ እስከ 2007 ድረስ በወረቀት ታትሟል። ከጽሑፎቹ ብዙዎቹን የላኩት አንባቢዎቹ ራሳቸው፣ ተማሪውም ሠራተኛውም ናቸው። አንዱ አዲስ ሕግ ይጽፋል፣ አንዱ የፈጠረውን አገር ካርታ ይልካል፣ ሌላው «ትናንት የታተመው ልክ አይደለም» ብሎ ይሟገታል። ያ ሁሉ ሲከማች የአንድ ማኅበረሰብ ታሪክ ሆነ። የዛሬ ልጅ አንድ ሕግ ከየት እንደመጣ ቢጠይቅ ማን እንደጻፈው፣ በየትኛው ወር እንደወጣ አውጥቶ የሚያሳየው አያጣም።

በ1999 የመጽሔቱን የመጀመሪያ 250 እትሞች በሲዲ አድርገው ሸጡ። ይህን በጎ ሥራ ነው ብለን ልናልፍ ነበር፤ ግን ጠብ አስነሳ። ከጸሐፊዎቹ አንዳንዶቹ ጽሑፋቸውን የሰጡት ለአንድ ጊዜ እትም ነው፤ እንደገና በሲዲ እንዲወጣ የጠየቃቸው አልነበረም። በመጽሔቱ ላይ «የእራት ገበታ ባላባቶች» የሚል የሥዕል ቀልድ ይወጣ ነበርና የቀልዱ ባለቤት ኬንዘር የተባለው አሳታሚ ተከራክሮ በስምምነት ጨረሱ። በ2001 ደግሞ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ ታሲኒ በተባለው ጸሐፊና በኒው ዮርክ ታይምስ ጉዳይ ላይ፣ ጋዜጦች ደሞዝተኛ ያልሆነን ጸሐፊ ጽሑፍ ሳያስፈቅዱ ወደ ኮምፒውተር ክምችት ማስገባት አይችሉም ብሎ ፈረደ። ይህች ፈቃድ የምትባል ነገር ለኛም ትመጣለች፤ ያዙልን።

ሁለተኛው ችግር መጥፋት ነው። ወረቀት ምስጥ እስኪበላው ይቆያል። የኮምፒውተር ጽሑፍ ግን ባለቤቱ ኪራይ መክፈል ያቆመ ዕለት ድምፁ ሳይሰማ ይሄዳል። «ጉግል ፕላስ» የሚባለው መገናኛ ሚያዝያ 2019 ላይ ሲዘጋ፣ የዚህ ጨዋታ ሰዎች ለዓመታት እዚያ የጻፉት ብዙ ነገር አብሮ ሊጠፋ ነበር። ከመዘጋቱ በፊት ተሯሩጠው የራሳቸውን የገለበጡ አሉ፤ ያልደረሱም አሉ። ሳን ፍራንሲስኮ ያለው፣ በ1996 የተመሠረተው ኢንተርኔት አርካይቭም ቀድሞ ያነሳውን ያህል አድኗል።

እንዲህ ያለ አርኪዮን የሚጠብቅ ሰው ቀን ተሌት የሚሠራው ምን መሰላችሁ? አሰልቺ ነገር ነው። የጸሐፊው ስም፣ የወጣበት ቀን፣ ለየትኛው እትም ሕግ እንደተጻፈ ይመዘግባል። ሁለት ሦስት ቅጂ በተለያየ ቦታ ያስቀምጣል። የሚከፈተውንና የማይከፈተውን እየዞረ ይፈትሻል። የቆየ ፋይል በአዲስ ማሕሼቭ አልከፈት ሲል ወደ አዲስ ይለውጠዋል። «የኔን አንሱልኝ» ለሚል ሰው ያነሳለታል። ደሞዝ የለው፣ ምስጋናም ብዙ የለው። ሰዉ የሚያስታውሰው አንድ ነገር ፈልጎ ያጣ ቀን ነው።

አሁን ወደኛ እንምጣ። ጨዋታውን ፈረንጆቹ በጠረጴዛ የሚጫወቱት ይሉታል፤ ጠረጴዛው ደግሞ በኛ ቋንቋ ገበታ ነው። እኛ ጋ እንግዲህ እንጀራ የሚቀርብበትም ገበታ፣ ጠጠር የሚዘራበት ጨዋታም ገበታ ነው። መተሓራ አይደለም፣ ኤርትራ ውስጥ ባለችው መጠራና ትግራይ ባለችው የሓ በአክሱም ዘመን ድንጋይ ላይ የተቦረቦሩ የገበታ ጉድጓዶች አሉ የሚሉ ተመራማሪዎች አሉ። የጥንት ነው ማለት ነው።

ሌላው ሰንጠረዥ ነው። ዛሬ ሰንጠረዥ ስንል የሚስራድ ወረቀት ላይ በመስመር የተከፋፈለውን ቁጥር ነው የምናስበው። ድሮ ግን የመኳንንት ጨዋታ ነበር፤ ከፋርስና ከዓረብ የወረደ የኢትዮጵያ ቼዝ። ቀይ ጨርቅ ላይ ጥቁር ወይም ሰማያዊ መስመር አስምረው ይጫወቱታል፤ እንደ ዛሬው ጥቁርና ነጭ ቤት የለውም። ንጉሥ፣ ፈርዝ፣ ፊል፣ ፈረስ፣ ደር፣ መደቅ የሚባሉ ጠጠሮች ነበሩት። በሌላው ዓለም ቼዝ ተራ ይጠበቃል። በኛ ሰንጠረዥ ግን መጀመሪያ ወረራ ነው፤ ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ በአንድ ጊዜ ሠራዊታቸውን ያሰልፋሉ፣ አንዱ የሌላውን እስኪበላ ድረስ። ከዚያ በኋላ ነው በተራ የሚሆነው። የንጉሡም መሞት ዓይነት አለው፤ በትልቅ ጠጠር መግደል እንደ ክብር አይቆጠርም ነበር።

ይህን ሁሉ በምን አወቅን? ከአያት ሰምተን አይደለም። እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት በ1814 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፍ የትግራዩ ራስ ወልደ ሥላሴ ሲጫወቱ አይቶ ስለጻፈ ነው። ተመልካቹ ሁሉ፣ አሽከሩም ሳይቀር፣ እየጮኸ ይመክር፣ ጠጠሩንም በእጁ ይገፋ እንደነበር ጽፏል። (ይህችን ስናነብ በየሠርጉ ካርታ የሚጫወቱትን ዘመዶቻችንን አየናቸው።) ዋልተር ፕላውደንም በጎንደር አካባቢ ብዙ ዓመት ኖሯልና ስለ ጨዋታው ጻፈ፤ መጽሐፉ የወጣው እሱ ከሞተ በኋላ በ1868 ነው። ጣልያን በ1936 አዲስ አበባ ሲገባ ጨዋታው ከሰው ዘንድ እየጠፋ ነበር። ከዚያም በ1971 ሪቻርድ ፓንክረስት የተበተነውን ሰብስቦ፣ ስለ ሰንጠረዥ በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ላይ፣ ስለ ገበታ ደግሞ እናቱ ሲልቪያ በጀመረችው «ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር» ላይ ጻፈ። ሰንጠረዥን እንደገና ልጫወት የሚል ሰው ዛሬ ሕጉን የሚያገኘው ከእነዚህ ጽሑፎች ነው። ደስ ይላል፤ ግን የሚጎዳም ነገር አለው። የጻፉት ሁሉ ከውጭ የመጡ ናቸው። አብረው የሚጫወቱት መኳንንት ምን እያሉ እንደሚፎክሩ፣ የተሸነፈው ምን እንደሚባል፣ ያ ቃሉ የለም።

የቤተ እስራኤልም ታሪክ በዚሁ መንገድ ነው የተከማቸው። ዣክ ፋይትሎቪች በ1904 ወደ አገራችን ከወረደ በኋላ የሰበሰበው መጽሐፍና ወረቀት ዛሬ ቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በስሙ ተቀምጧል። ኦሪቱና ጸሎቱ በግዕዝ የተጻፈ ነውና ቀሶቻችንም ምሁራኑም ጠብቀውታል። ጨዋታውን ግን ማን ጻፈው? እረኛ መሬት ቆፍሮ፣ በጠጠር ወይ በፍሬ የሚጫወተውን ማን ከቁም ነገር ቆጥሮት? በ1991 በዘመቻ ሰለሞን በአንድ ቀን ተኩል ከ14,000 ሰው በላይ ሲመጣ ሰው እንዲበዛ ተብሎ የአውሮፕላኑ ወንበር ተነቅሎ ነበር፤ ገበታ የሚያዝበት ጊዜ አልነበረም። በሱዳን በኩል በእግር የመጣውማ ልጁን ተሸክሞ ነው የመጣው። ዕቃው ቀረ፤ ሕጉ ግን በጭንቅላት መጣ። ጭንቅላቱ ያረጃል። በ1984 በአርባ ዓመቱ የመጣ ሰው ዛሬ ሰማንያውን አልፏል።

ገበታ ደግሞ አንድ አይደለም። ባለ ሁለት ረድፍ አለ፣ ባለ ሦስት ረድፍ አለ፤ የጉድጓዱ ቁጥር፣ የጠጠሩ ቁጥር፣ አበላሉ ከአገር አገር ይለያያል። የወገራው ከደምቢያው፣ የስሜኑ ከአርማጭሆው፣ የትግራዩ ከጎንደሩ። ሽኩና ኣሌፍ ደግሞ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ለመጤዎች ከተሠሩት የቤር ሸባ ሰፈሮች አንዱ ነው፤ እኛ ስንመጣ ከየአውራጃው የመጣነው አንድ ሕንጻ ላይ ተደራርበን ገባን። እዚያ አገር በመንደር የተራራቀው ሕግ እዚህ በደረጃ ብቻ ነው የሚለያየው። እንዲህ በአንድ ቦታ የተገናኘበት ሌላ ጊዜ የነበረ አይመስለንም።

ስለዚህ ልጆቹ ለኩቢያቸው የሚያደርጉትን እኛም ለገበታው ብናደርግ ብለን አስበናል። የልጅ ልጅ በቴሌፎኑ ይቅዳ፣ አያት ይናገሩ። ቋንቋው አይታረም፤ በትግርኛም ይሁን፣ የቋራ ቃል ካለበትም እንዳለ ይቀመጥ። ያለፈቃድ ምንም አይወጣም፤ «ድምፄ ይቀመጥ፣ ስሜ ግን አይጻፍ» የሚሉም እንደዚያው ይደረግላቸዋል። ቅጂው በአንድ ቴሌፎን ላይ ብቻ አይቀመጥ፤ ቴሌፎን ውኃ ውስጥ ይወድቃል፣ ልጅ ይሰብረዋል።

የምንጠይቃችሁ ይህን ነው። የተጫወታችሁት በየትኛው አገር፣ በየትኛው መንደር ነው? ስንት ረድፍ፣ ስንት ጉድጓድ፣ በአንዱ ጉድጓድ ስንት ጠጠር? መሬት ላይ ነበር ወይስ በእንጨት? ሴቶችስ ይጫወቱ ነበር? መጫወት የማይፈቀድበት ቀን ወይም ወቅት ነበረ? ማን አስተማራችሁ? ያሸነፈ ምን ይላል፣ የተሸነፈስ ምን ይባላል? «አገር ስጠኝ» ሲባልስ በእናንተ ዘንድ መጀመሪያ የሚሰጠው አገር የትኛው ነበር? መጻፍ ለማይመቻችሁ በድምፅ ላኩልን፤ ዓይናችሁ ለደከመ ደግሞ ልጆቹ ያንብቡላችሁ።