የዩኒቨርሲቲ ልደትና የስምጥ ሸለቆ ውሃ

አንድ የከፍተኛ ትምህርት ተቋም የምሥረታ በዓሉን ለማክበር ሲነሣ፣ እንግዶች ከመጠራታቸውና መድረክ ከመዘጋጀቱ አስቀድሞ ሊመልሰው የሚገባ አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም ዕድሜው ከየትኛው ዓመት ይቆጠራል የሚለው ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በአገራችን የተለመደው አቆጣጠር ከትንሹ ጅማሬ የሚነሣ ነው። የአዲስ አበባው ዩኒቨርሲቲ በዩኒቨርሲቲነት የተመረቀው በታኅሣሥ 1961 ሲሆን፣ የወርቅ ኢዮቤልዩው የተከበረው ግን በ2000 ነው፤ ቆጠራው የጀመረው በ1950 ከተከፈተው የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ነበርና። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲም እንዲሁ ሃምሳኛ ዓመቱን በ2013 ሲያከብር መነሻ ያደረገው፣ በ1963 በሶቪየት ኅብረት ትብብር የተቋቋመውንና የቴክኒክ ባለሙያዎችን ያሠለጥን የነበረውን የፖሊቴክኒክ ተቋም ነው። ይህ አቆጣጠር ተገቢ ነው። ነገር ግን ግዴታን ያስከትላል። የቀድሞውን ትምህርት ቤት ዕድሜ የወሰደ ዩኒቨርሲቲ፣ የቀድሞውን ትምህርት ቤት ሥራም አብሮ መረከብ ይኖርበታል።

የዚህ ጉዳይ ክብደት በግልጽ ከሚታይባቸው ስፍራዎች አንዱ አዳማ ነው። ተቋሙ በ1993 የናዝሬት ቴክኒክ ኮሌጅ ተብሎ ሲከፈት በቴክኖሎጂ መስኮች በዲፕሎማና በዲግሪ ያስተምር ነበር። ቀጥሎም የናዝሬት የቴክኒክ መምህራን ትምህርት ኮሌጅ ተባለ። ተግባሩም እንደ ስሙ፣ በየክፍለ ሀገሩ ለሚገኙት የቴክኒክና ሙያ ትምህርት ቤቶች መምህራንን ማፍራት ሆነ። ከተማዋ ናዝሬት የሚለውን ስም ትታ ወደ ቀድሞው አዳማ ከተመለሰች በኋላ፣ ኮሌጁ በግንቦት 2006 አዳማ ዩኒቨርሲቲ ሆነ፤ በግንቦት 2011 ደግሞ የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተብሎ ተሰየመ። በአመራርም ቢሆን የውጭ ምሁራንን አስተናግዷል፤ በመጀመሪያ ከጀርመን፣ ቀጥሎም ከደቡብ ኮሪያ የመጡ ፕሮፌሰሮች በፕሬዚዳንትነት አገልግለዋል። በ2014 የአሰላው ግቢ ተለይቶ የአርሲ ዩኒቨርሲቲ መሠረት ሆነ። እንግዲህ ሃያ ዓመት ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ አራት ስም ተፈራርቋል። በስሞቹ ውስጥ ግን አንድ አቅጣጫ ይነበባል፤ ይኸውም ከወርክሾፕ ወደ ምርምር የተደረገ ጉዞ ነው።

ይህ ጉዞ ምን እንዳስገኘና ምን እንዳስቀረ ለመመዘን፣ ከግቢው ውጭ የተካሄደ አንድ ዓለም አቀፍ ጉባኤ ማስታወስ ይጠቅማል። ኮሌጁ የአራት ዓመት ዕድሜ ሳለ፣ በኅዳር 1997፣ ያን ጊዜ ናዝሬት ትባል በነበረችው በዚህችው ከተማ ስለ ፍሎሮሲስ በሽታና ፍሎራይድን ከውሃ ስለ መለየት ሁለተኛው ዓለም አቀፍ ዐውደ ጥናት ተደረገ። የመጀመሪያው በ1995 በታንዛንያ ንጉርዶቶ የተካሄደ ሲሆን፣ ሦስተኛው በ2000 በታይላንድ ቺያንግ ማይ ተከናውኗል።

ለጉባኤው ስፍራው የተገባ ነበር። የስምጥ ሸለቆ ዐለት በአብዛኛው እሳተ ገሞራ የወለደው ነው። ከዚህ ዐለት ጋር ለረጅም ዘመን ተገናኝቶ የሚቆይ የከርሰ ምድር ውሃ ሶዲየምና ባይካርቦኔት ሲበዛበት ካልሲየም ያንሰዋል። ካልሲየም ቢኖር ፍሎራይዱን ይዞ በዘቀጠ ነበር፤ ካልሲየሙ ሲጠፋ ግን ፍሎራይዱ በውሃው ውስጥ ሟሙቶ ይቀራል። የዓለም ጤና ድርጅት የመመሪያ ልክ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ሲሆን፣ በሸለቆው ውስጥ ከዚህ በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ጉድጓድ አለ። ውጤቱም በመጀመሪያ በልጆች ጥርስ ላይ በቡናማ ቀለም ይታያል፤ ዓመታት ሲያልፉ ደግሞ አጥንትንና አከርካሪን ያደነድናል። ከአዳማ አጠገብ በሚገኘው በወንጂ የስኳር እርሻ ይህ ሕመም በሠራተኞች ላይ ታይቶ፣ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትን በመሳሰሉ ሐኪሞች ተጠንቷል። በእርሻው መንደሮችም በአክቲቬትድ አሉሚና የሚሠሩ የውሃ ማጣሪያዎች ተተክለው ነበር።

እዚህ ላይ ለመሐንዲስ ትልቁ ቁም ነገር ይገኛል። ፍሎራይድን የመለያው ዘዴ ምስጢር አይደለም። አሉሚና አለ፤ የአጥንት ከሰል አለ፤ ከሕንድ የመጣውና ናልጎንዳ የሚባለው፣ አሉሚኒየም ሰልፌትና ኖራ በመጨመር የሚሠራው ዘዴም አለ። ሆኖም አሉሚናውም ሆነ የአጥንት ከሰሉ ከጊዜ በኋላ ፍሎራይድ ጠግቦ ይደክማል። ያን ጊዜ ወይ በኬሚካል ታጥቦ መታደስ ወይ መለወጥ አለበት። ናልጎንዳም ቢሆን በየዕለቱ ልኩን አውቆ የሚመጥን ሰው ይፈልጋል። የደከመ ማጣሪያ ደግሞ አይጮኽም፤ ውሃው እንደ ወትሮው ጥርት ብሎ ይፈስሳል፤ በዓይንም ሆነ በምላስ አይለይም። ስለዚህ ማጣሪያውን የፈለሰፈው ምሁር ብቻውን ሕፃኑን አያድነውም። ውሃውን በወቅቱ የሚለካ፣ መዝገብ የሚይዝ፣ ቧንቧውን የሚፈታና የሚገጥም የሠለጠነ ቴክኒሻን ያስፈልጋል። ያን ቴክኒሻን የሚያስተምረውን መምህር ለማፍራት ደግሞ አዳማ ላይ አንድ ኮሌጅ ነበር።

የቴክኒክ መምህራን ሥልጠና ከአገሪቱ አልጠፋም፤ በ2011 የተቋቋመው የፌዴራል የቴክኒክና ሙያ ትምህርትና ሥልጠና ኢንስቲትዩት ዋና ተግባሩ አድርጎታል። የአዳማው ተቋም ወደ ምርምር መሸጋገሩም በራሱ የሚነቀፍ አይደለም፤ ሸለቆው ተመራማሪም ያስፈልገዋል። የሚያሠጋው፣ ተመራማሪውና ቴክኒሻኑ በሁለት ቤት ሲያድጉ የማይተዋወቁ እንዳይሆኑ ነው። እንዲህ ከሆነ ጉባኤው ጥናት ያቀርባል፣ ማጣሪያው ይተከላል፣ ከዚያም የሚጠብቀው ሰው ይታጣል።

የዓለም ምሁራንን መሰብሰብ የሚጠቅመው የአካባቢው ጥያቄ በጠረጴዛው ላይ ሲቀርብ ነው። በቢሾፍቱ (ደብረ ዘይት) በ2000ና በ2011 ስለ ጤፍ የተደረጉት ሁለት ዓለም አቀፍ ዐውደ ጥናቶች ለዚህ ምስክር ናቸው። እንግዶቹ የመጡት ማሳው ወዳለበት፣ የጤፍ ማሻሻያ ሥራው ወደሚካሄድበት ስፍራ ነው፤ ከዚያው የምርምር ማዕከል የወጣው ቁንጮ የተባለው የጤፍ ዝርያም በ2006 ለገበሬው ተለቋል።

የአዳማም የምሥረታ በዓል በዚሁ ሚዛን ሊመዘን ይገባዋል። የሕንፃና የተመራቂ ቁጥር ይነገር፤ የውጭ እንግዶችም በክብር ይቀመጡ። ነገር ግን ዕድሜው ከ1993 የሚቆጠር ከሆነ፣ የዚያ ዓመት ወርክሾፕ በበዓሉ ቀን በሥራ ላይ ሆኖ መታየት አለበት። ከመቂ እስከ ወንጂ ያለው ነዋሪ ስለ ዩኒቨርሲቲው የሚፈርደው በመድረኩ ላይ በተነበበው ንግግር አይደለም፤ ከቦኖው በቀዳው ውሃና በልጁ ጥርስ ነው።