ከሐኪም ፊት የሚሰወር ሽፍታ

(በሬዲዮ የተነገረ)



በቋንቋችን በቈዳ ላይ የሚወጣው ሕመምና በጫካ የሚኖረው ወንበዴ ባንድ ስም ሽፍታ ይባላሉ። ዛሬ ለምንናገርለት ሕመም ይህ የስም መገጣጠም እጅግ ተስማሚ ነው። ሰው ሲሮጥ፣ ፀሐይ ሲመታው፣ በሙቅ ውሃ ሲታጠብ፣ በርበሬ የበዛበት ትኩስ ወጥ ሲበላ፣ ወይም ሲቈጣና ሲያፍር ይህ ሽፍታ ድንገት ይነሣል፤ ቈዳውንም እንደ መርፌ ይወጋዋል፤ ብዙውን ጊዜ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ምልክት ሳይተው ይጠፋል። በሽተኛው ከሐኪም ደጅ በደረሰ ጊዜ ቈዳው ደኅና ነው። ከሳሽ ቀርቧል፤ ተከሳሹ ግን የለም። ስለዚህ የዚህ ሕመም ታሪክ የመድኃኒት ታሪክ ብቻ ሳይሆን፣ የበሽተኛው ቃል እንዴት ሊታመን እንደ ቻለ የሚያስረዳ ታሪክም ነው። በዚህ ንግግር የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ሕመሙ ከሌላው የሚለይበትን ምልክት እንመልከት። ሰውነት በሞቀና ላብ መምጣት በጀመረ ጊዜ በደረት፣ በጀርባና በክንድ ላይ ከ1 እስከ 3 ሚሊሜትር ስፋት ያላቸው፣ የጤፍ ፍሬ የሚያህሉ ወይም ከዚያ ጥቂት የሚበልጡ እባጮች ይወጣሉ፤ በዙሪያቸውም ቈዳው ይቀላል። ማሳከኩና መለብለቡ ብርቱ ነው። የላብ መውጫ ሲደፈን የሚመጣው የተለመደው የሙቀት ሽፍታ ለቀናት ሲቈይ፣ ይህኛው ሰውነት ሲበርድ ይከስማል። ሙቀቱ በተመለሰ ጊዜ ግን እርሱም ይመለሳል፤ እንዲህ እያለ ለወራት፣ አንዳንዴም ለብዙ ዓመታት ከሰው ጋር ይኖራል። ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው በወጣትነት ነው። በ1994 ዓ.ም. በጀርመን አገር በወጣቶች መካከል የተደረገ ጥናት ከአሥር ሰው ከአንድ በሚበልጠው ላይ ይህ ሕመም እንደ ተገኘ አሳይቷል፤ የብዙዎቹ ግን ቀላል ነበር።

ስሙ ከጥንት የመጣ ነው። የግሪክ ሐኪሞች ድንገት የሚነሣውን የቈዳ እባጭ በሳማ ስም ጠሩት። ሳማ የነካው ሰው ቈዳው እንዴት እንደሚለበለብ ከእኛ መካከል የማያውቅ የለምና፣ ምሳሌው ማብራሪያ አያሻውም። ስኮትላንዳዊው ሐኪም ዊልያም ከለን በ1769 ዓ.ም. በሽታዎችን በየወገናቸው ሲመድብ፣ ኡርቲካ ከሚለው የላቲን የሳማ ስም ወስዶ ኡርቲካሪያ አለው፤ ዛሬም የዓለም ሐኪሞች በዚሁ ስም ይጠሩታል። በለንደን የነበረው ሮበርት ዊላን ደግሞ በ1808 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ የቈዳን ሕመሞች በመልካቸው ለይቶ መደበ። ይሁን እንጂ ስም ማውጣት ምክንያትን ማወቅ አይደለም። ለብዙ ዘመን የሽፍታው ምክንያት በተጠየቀ ቍጥር ተወቃሹ ምግብና ሆድ ነበር።

ነገሩን ወደ አዲስ መንገድ የመራው በአሜሪካ በካንሳስ ሲቲ ከተማ የነበረው ሐኪም ዊልያም ዱክ ነው። በ1924 ዓ.ም. ባሳተመው ጽሑፍ ብርሃን፣ ብርድ፣ ሙቀት፣ የቈዳ መፋተግ፣ እንዲሁም የሰውነትና የአእምሮ ድካም ሽፍታን ሊያስነሡ እንደሚችሉ ገለጸ። ክፉ ምግብ ያልበላ፣ መርዝም ያልነካው ሰው በመሮጡ ብቻ እንደዚህ ሊታመም ይችላል ማለት ነው። ከዚህ አሳብ አንድ ታላቅ ጥቅም ተገኘ። ምክንያቱ ሙቀት ከሆነ፣ ሐኪሙ ሽፍታው በራሱ ጊዜ እስኪመጣ ድረስ መጠበቅ የለበትም፤ በሽተኛውን አሙቆ ሽፍታውን ከተደበቀበት ሊያወጣውና በዓይኑ ሊያየው ይችላል።

በዚያው ዘመን ሌሎች ሊቃውንት ሰውነት በውስጡ የሚያዘጋጃቸውን ቅመሞች ይመረምሩ ነበር። እንግሊዛዊው ሄንሪ ዴል ከባልደረቦቹ ጋር ከ1910 ዓ.ም. ጀምሮ ሂስታሚን የተባለውን ቅመም ሥራ አጠና። ኦቶ ሎዊ በ1921 ዓ.ም. በእንቍራሪት ልብ ላይ ባደረገው ፈተና ነርቭ ትእዛዙን የሚያስተላልፈው በቅመም አማካይነት መሆኑን አስረዳ፤ ይህም ቅመም አሴቲልኮሊን መሆኑ ኋላ ታወቀ። ቶማስ ሉዊስም በ1927 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ ቈዳ ሲጫር አስቀድሞ እንደሚቀላ፣ ቅላቱም ወደ ዙሪያው እንደሚስፋፋ፣ በመጨረሻም እንደሚያብጥ በዝርዝር ጻፈ፤ ይህንንም የሚያደርገው ከቈዳው ውስጥ የሚለቀቅ ሂስታሚን መሰል ነገር ነው አለ።

እነዚህ ሁለት የምርምር መንገዶች የተገናኙት በ1936 ዓ.ም. ነው። በእንግሊዝ አገር ግራንት፣ ፒርሰንና ኮሞ የተባሉ ሦስት ሐኪሞች በስሜት፣ በሰውነት እንቅስቃሴና በመሞቅ ስለሚቀሰቀስ ሽፍታ ያደረጉትን ምርመራ አሳተሙ። ሩጫ፣ ሙቅ ውሃና ድንጋጤ በመልካቸው ምንም የሚያገናኛቸው ነገር የለም። ሐኪሞቹ ግን ሦስቱም ባንድ በር እንደሚገቡ አሳዩ፤ በሩም ላብ እንዲወጣ የሚያዝዘውና አሴቲልኮሊንን የሚለቀው ነርቭ ነው። በእነርሱ ምርምር መነሻነት ሕመሙ እስከ ዛሬ ኮሊነርጂክ ኡርቲካሪያ እየተባለ ይጠራል። በዚያው በ1936 ዓ.ም. ዴልና ሎዊ ስለ ነርቭ ቅመሞች ባደረጉት ሥራ የኖቤልን ሽልማት በአንድነት ተቀበሉ።

አድማጮች ሆይ፤ ይህ ግኝት ለበሽተኛው ምን እንዳስገኘለት አስተውሉ። በሰው ፊት ሲያፍር ሰውነቱ በሽፍታ የሚሸፈን ወጣት፣ «ይህ የአሳብ በሽታ ነው፤ ራስህን ብትገዛ ይተውህ ነበር» ሊባል ይችላል። ሲሮጥ ተለብልቦ ቁጭ የሚል ተማሪም ሰነፍ ሊባል ይችላል። ምርምሩ ግን ስሜት የሰውነትን ላብ እንደሚያዝዝ፣ ሽፍታውም በዚያው መንገድ እንደሚመጣ አሳየ። ስሜቱ ቀስቃሽ ነው፤ የሚወጣው እባጭ ግን በዓይን የሚታይ፣ በመስፈሪያ የሚለካ እውነተኛ ሕመም ነው።

ምስጢሩ ሁሉ በዚያን ጊዜ አልተገለጠም። ሂስታሚኑ ከየት እንደሚመጣ ያስረዳው ሌላ ምርምር ነው። ጀርመናዊው ፓውል ኤርሊክ ገና ተማሪ ሳለ በ1878 ዓ.ም. ማስት ሴል የተባሉትን ሕዋሳት ለይቶ ነበር፤ እነዚህ ሕዋሳት የሂስታሚን ጐተራ መሆናቸውን ግን ራይሊና ዌስት ያስረዱት በ1953 ዓ.ም. ነው። ከዚያም በኋላ የጃፓን ሊቃውንት ከበሽተኞቹ ብዙዎቹ የገዛ ላባቸው እንደማይስማማቸው አገኙ፤ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ በሰው ቈዳ ላይ የሚኖር ጥቃቅን ፈንገስ ወደ ላቡ የሚጨምረው አንድ ፕሮቲን ለዚህ ምክንያት እንደሚሆን አመለከቱ። አንዳንዶቹ በሽተኞች ደግሞ ላብ እንደሚገባው የማይወጣላቸው ናቸው። ስለዚህ አንድ ስም የተሰጠው ሕመም ከአንድ የበለጠ ሥር አለው።

መድኃኒቱም ቀስ በቀስ መጣ። ዳንኤል ቦቬ ከአን ማሪ ስታውብ ጋር በ1937 ዓ.ም. ሂስታሚንን የሚገታ የመጀመሪያውን ቅመም አገኘ፤ ነገር ግን ቅመሙ ለሰው የማይሆን መርዛም ነበር። ለሰው የተስማማው በ1942 ዓ.ም. በፈረንሳይ አገር ወጣ፤ ቦቬም በ1957 ዓ.ም. የኖቤልን ሽልማት ተቀበለ። የቀድሞዎቹ መድኃኒቶች እንቅልፍ ያመጡ ነበር፤ ከ1980ዎቹ ጀምሮ የወጡት ግን እንቅልፋቸው ጥቂት ስለሆነ ለሠራተኛና ለተማሪ ይስማማሉ። እነዚህ ያልበቁት ሰው ሲኖር ሐኪሙ መጠኑን ሊጨምርለት ይችላል፤ በሽተኛው በራሱ ፈቃድ ግን አይጨምርም። በ2014 ዓ.ም. በአሜሪካ ምክንያቱ ለማይታወቀው ሥር የሰደደ ሽፍታ የተፈቀደው ኦማሊዙማብ የተባለ መርፌም በሙቀት ለሚነሣው ሽፍታ ተሞክሮ፣ ሁሉንም ባይሆን ብዙዎችን ረድቷል።

ዛሬ ሐኪም ሕመሙን የሚያረጋግጠው በዱክ ዘመን በተጀመረው አሳብ ነው። በሽተኛው በሐኪም ዓይን ሥር ላብ እስኪያልበው ይሠራል፤ በሌላ ቀን ደግሞ የሰውነቱ ሙቀት በ1 ዲግሪ ከፍ እስኪል ድረስ 42 ዲግሪ በሆነ ሙቅ ውሃ ውስጥ ይቀመጣል። ሥራውም ሙቁ ውሃም ሽፍታውን ካስነሡት ነገሩ ተረጋገጠ። ሥራው ብቻ ካስነሣው ግን በሥራ ጊዜ ብቻ የሚመጣ ሌላ አደገኛ ሕመም ሊሆን ስለሚችል፣ ልዩነቱን ማወቅ ትልቅ ጥቅም አለው። ይህን ፈተና ማንም በቤቱ ሊሞክረው አይገባም።

አሁን ከሕመሙ ጋር ስለ መኖር ጥቂት እንናገር። በአገራችን ፍል ውሃ ለብዙ ደዌ ሲፈለግ ኖሯል፤ አዲስ አበባም የተቈረቈረችው በፍል ውሃ አጠገብ ነው። ይህ ሽፍታ ላለበት ሰው ግን ፍል ውሃው የሽፍታው መቀስቀሻ ሊሆን ስለሚችል፣ ለብ ባለ ውሃ መታጠብ ይሻለዋል። ስስና ሰፊ ልብስ ይልበስ፤ የቀን ሥራውን በጧትና በማታ ቅዝቃዜ ያድርግ፤ ሚጥሚጣና አልኮል የሚጐዱት መሆኑን ይመርምር። ሽፍታው በምን ሰዓት፣ ከምን ሥራ በኋላ እንደ መጣ በደብተር ይጻፍ፤ የሚችልም እባጩ ሳይጠፋ ፎቶግራፍ ያንሣ፤ በሐኪም ፊት ምስክር ይሆንለታልና። ፈጽሞ ከሥራና ከስፖርት መራቅ ግን ሁልጊዜ መፍትሔ አይደለም። አንድ ጊዜ ሽፍታው ከወጣ በኋላ ቈዳው እስከ አንድ ቀን ድረስ ሊያርፍ ስለሚችል፣ አንዳንድ በሽተኞች በሐኪም ምክር እየለመዱ በመሥራት ሕመሙን ያቃልሉታል። ሆኖም ከሽፍታው ጋር የትንፋሽ ማጠር፣ የከንፈር ወይም የጕሮሮ ማበጥ፣ ወይም ራስን መሳት ከመጣ፣ ጊዜ ሳያጠፉ ወደ ሐኪም ቤት መሮጥ ያስፈልጋል።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ አባቶቻችን። ይህ ምክር ለበሽተኛው ነው። ነገር ግን በሽታው ራሱ ሲደበቅ ምክሩ ወደ እኛ፣ ወደ ሰሚዎቹ ይዞራል። ልጁ «ተለበለብሁ» ሲል ቈዳውን አይቶ ምንም የለብህም የሚል ወላጅ፣ ተማሪውን ከሜዳ ሲቀመጥ ሰነፍ የሚል መምህር፣ ሠራተኛውን ከምድጃ አጠገብ ሲርቅ የሚቈጣ አሠሪ፣ ከ1924 ዓ.ም. በፊት በነበረው ዕውቀት ይፈርዳሉ ማለት ነው። ሐኪሞች ሽፍታውን በዓይናቸው ለማየት የበቁት አስቀድመው በሽተኛው የነገራቸውን ሰምተው፣ ያለውን ስለ ፈተኑ ነው። እኛም ከመፍረዳችን በፊት እንስማ።